ሲዲ የማይጎርሰው ላፕቶፕ

ጋሽ ግራም የሚዛን ተቆጣጣሪ ናቸው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከከተማ ከተማ እየዞሩ የሥጋ ቤቱን፣ የእህል መጋዘኑን፣ የወርቅ ሠሪውን ሚዛን ፈትሸዋል። እውነተኛ ስማቸውን የሚያስታውሰው የመሥሪያ ቤት መታወቂያቸው ብቻ ነው። ማንኛውንም ዕቃ ሳይመዝኑ አያምኑም፤ ከመዘኑ በኋላ ደግሞ ሌላ ጥያቄ የላቸውም።

አሮጌው ላፕቶፕ ወገባቸውን ሲቆርጠው በራሳቸው የመፈተሻ ሚዛን መዝነው፣ "ሦስት ኪሎ ከመቶ አርባ ግራም፤ ለመስክ ሥራ የማይመች" የሚል ደብዳቤ ጻፉ። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ አዲሶቹን ደርድሮ "ይምረጡ" ሲላቸው አንዱንም ከፍተው አላዩም። በየተራ ሚዛን ላይ አወጧቸውና ቀላሉን ወሰዱ። አንድ ኪሎ ከሰማንያ! ያን ቀን ከእሳቸው የበለጠ የደላው ሰው አልነበረም።

ለምን እንደቀለለ ለማወቅ ሦስት ሳምንት ፈጀባቸው።

ልጃቸው በአዋላጅ ነርስነት ስትመረቅ እሳቸው የሩብ ዓመት ቁጥጥር ላይ ነበሩ። መቼም የሩብ ዓመት ቁጥጥር በዓመት አራት ጊዜ ብቻ ነው የሚገኘው፤ የልጅ ምርቃት ግን የትም አይሄድም። ተመራቂዎቹን ወክላ ንግግር ያደረገችው እሷ ነበረች። ቅር መሰኘቷን አፍ አውጥታ አልተናገረችም። ለሚቀጥለው ጉዞ ሲነሱ የምርቃቱን ዲቪዲ ሻንጣቸው ውስጥ ሸጎጠችላቸው።

"መንገድ ላይ እየው፣ አባዬ። ንግግሬን ሳታይ እንዳትመለስ።"

በመጀመሪያው ከተማ፣ ሆቴላቸው አልጋ ላይ ተመቻችተው ዲቪዲውን አወጡ። ላፕቶፑን በግራ አዩት፣ በቀኝ አዩት፣ ገለበጡት። ሲዲ የሚጎርስበት አፍ የለውም። እንግዳ ተቀባይዋን ጠሩ።

"የኔ ልጅ፣ ሲዲው የሚገባው በየት በኩል ነው?"

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ ዘመናዊ ነው። ሲዲ አይገባበትም።"

"ዘመናዊ ከሆነ አሮጌው የሚችለውን እንዴት አይችልም?"

"እሱን እንግዲህ የሠሩትን ይጠይቁልኝ" አለችና ሳቋን አፍና ወጣች።

በማግስቱ ልጃቸው ደወለች።

"አየኸው?"

ለአምስት ግራም ጉድለት ነጋዴ የሚያስለቅሱት ጋሽ ግራም ዓይናቸውን በጨው አጥበው፣ "አየሁት እንጂ! በጣም ያምራል" አሉ።

"ንግግሬስ?"

"ድምፅሽ ጥርት ብሎ ይሰማል።"

"ሌላስ?"

"ሌላማ... አቋቋምሽ።"

"እሺ፣ አባዬ" ብላ ዘጋችው። እንዲህ ያለው "እሺ" ስንት እንደሚመዝን የሚናገር መሣሪያ በመፈተሻ ሳጥናቸው ውስጥ አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ ከሚዛን ይልቅ ዲቪዲ ማጫወቻ ሲያስሱ ሰነበቱ። የሁለተኛው ከተማ ፎቶ አንሺ፣ "ጋሼ፣ እሱንማ ድሮ ነው የጣልነው" ብሎ እንደ ሙዚየም ጎብኚ አያቸው። በሦስተኛው ከተማ ሊቆጣጠሩ የገቡበት ሥጋ ቤት ውስጥ ግን፣ ከቴሌቪዥኑ ሥር፣ አቧራ የጠጣ ማጫወቻ ተቀምጧል።

"ይሠራል?" አሉ፣ አቧራውን በእጃቸው እየጠረጉ።

"እንደ ሰዓት!" አለ ባለሥጋ ቤቱ። "ምን ሊያዩበት ነው?"

"የልጄን ምርቃት።"

"እንኳን ደስ አለዎት! ይቀመጡ፣ አሁኑኑ ልክፈትልዎ። ሚዛኑ የት ይሄዳል!"

አዳራሹ ታየ። ጥቁር ካባ የለበሱ ወጣቶች ታዩ። ልጃቸው ወደ መድረኩ መራመድ ጀመረች። የጋሽ ግራም ዓይን ቴሌቪዥኑ ላይ ቢሆንም ሃያ ሁለት ዓመት የለመደው እጃቸው የአንድ ኪሎውን የመፈተሻ ድንጋይ ከሳጥናቸው አንስቶ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠ። ሚዛኑ አንድ ኪሎ ከሰባ ግራም አለ። ባለሥጋ ቤቱ በየኪሎው ሰባ ግራም አየር ይሸጣል ማለት ነው።

ሰውየው ሪሞቱን ብድግ አድርጎ ምስሉን አቆመው። ልጅቷ ደረጃው ላይ አንድ እግሯን እንዳነሳች ቀረች።

"ጋሼ፣ ሰባ ግራም እኮ ነው። እርስዎ ልጅዎን ይዩ፣ እኔም ልጆቼን ላሳድግ።"

ጋሽ ግራም ደረጃው ላይ የቀረችውን ልጃቸውን ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ቀዩን ማሸጊያ ከኪሳቸው አውጥተው ሚዛኑን አሸጉት።

"እንግዲያው ሲዲዎን ይዘው ይውጡልኝ!" አለ ባለሥጋ ቤቱ።

መናኸሪያው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ደወሉ። ወደ ቀጣዩ ከተማ የሚወስዳቸው አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቷል።

"አላየሁትም" አሉ፣ ሰላምታም ሳያስቀድሙ።

"አውቃለሁ። ማይኩ ተበላሽቶ ንግግሬ ግማሹ አይሰማም። 'ጥርት ብሎ ይሰማል' ያልከኝ ዕለት ነው ያወቅሁት።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"ራስህ እስክትነግረኝ ብዬ ነዋ።"

ሹፌሩ ጡሩምባውን ነፋ። "አውቶቡስህ ነው፤ ሂድ በቃ" አለች።

"ንግግሩ ቃል በቃል ትዝ ይልሻል?"

"በደንብ። አሥራ አንድ ደቂቃ ነው ግን።"

"ጀምሪ።"

አውቶቡሱ ወጥቶ ሄደ። የቀጣዩ ከተማ ሚዛኖች አንድ ተጨማሪ ቀን እንዳሻቸው እንዲዋሹ ተፈቀደላቸው።

ልጅቷ ጉሮሮዋን ጠረገች። "በዚህ አዳራሽ የተገኛችሁ ውድ ወላጆች..." አለችና ቆም አለች። "ይቺ እንኳ አንተን አትመለከትም። ልዝለላት።"

"አትዝለያት" አሉ ጋሽ ግራም።