በሽተኛው የዳር ሩዝ

በምርምር ጣቢያው ውስጥ፣ ከላስቲክ ቤቱ ጀርባ፣ «ሆስፒታሉ» የሚባል የሩዝ መደብ አለ። ስሙን የሰማ እዚያ የሚታከም ነገር ያለ ይመስለዋል፤ የለም። እዚያ የሚሠራው ጤነኛውን ማሳመም ነው። ቅጠል አቃጥሎ፣ ሲብስም የዛላውን አንገት አበስብሶ ሩዙን ፍሬ አልባ የሚያደርግ ፈንገስ አለ፤ ለእሱ ምቾት ተብሎ የታመመ ገለባ ይበተናል፣ ጠዋትና ማታ ውሃ ይረጫል፣ ማዳበሪያም ከልኩ በላይ ይጨመራል። የሰው ልጅ እንኳ እንዲህ አይቀማጠልም።

ይህን ፈንገስ የምትንከባከበው ሴት «ወረንጦ» ትባላለች። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ከደረት ኪሷ ወረንጦ ጠፍቶ ስለማያውቅ የወጣላት ስም ነው። ዋና ሥራዋ ማዳቀል ነው። የሩዝ አበባ ሳይከፈት ጫፉን በመቀስ ትቆርጥና በወረንጦዋ ስድስቱን የወንዴ ክሮች አንድ በአንድ ትለቅማለች፤ ከዚያ የሌላውን ዝርያ ብናኝ ታራግፍበታለች። አንዷ ክር ካመለጠቻት አበባው በራሱ ብናኝ ያፈራና ድካሟን ሁሉ ውሃ በላው ማለት ነው። ያን ጊዜ አጠገቧ ቆሞ የሚያስነጥስ ሰው ወዮለት!

ያዳቀለቻቸውን ሆስፒታል ታስገባና ለቅጠላቸው ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ማርክ ትሰጣለች። ዜሮ ነጠብጣብ የሌለው ነው፣ ዘጠኝ የሞተው። የጣቢያው ሕግ ቀላል ነበር፦ ዜሮ ይቀጥላል፣ ሌላው ይጣላል። ወረንጦም በዚህ ሕግ ትምል ነበር። አንድ ዓመት ነጠብጣብ የማታውቅ ዝርያ በእጇ ወጣች፤ «ንጽሕት» ተባለች። ባለሥልጣን መጥቶ ረጅም ንግግር አደረገላት። ፈንገስ ንግግር እንደማይሰማ ያሰበ ሰው አልነበረም።

ወረንጦ የመጀመሪያውን ዘር የወሰደችው ሩዝ ለሚያመርተው ታላቅ ወንድሟ ነው።

«ጋሼ፣ ይሄን ዝራ። በእኔ ይሁንብህ» አለችው።

ሁለት ዓመት ልቡ ቅቤ ጠጣ። በሦስተኛው ዓመት ጭጋግ ተኝቶ ሰነበተና ፈንገሱ ንጽሕትን የሚያልፍበት መንገድ አገኘ። በአሥር ቀን ውስጥ የማሳው ዛላ በሙሉ ነጥቶ ቀረ፤ ቢያሹት ገለባ ብቻ። ወንድምየው አልጮኸም፣ አልተሳደበም። አንድ እቅፍ የነጣ ዛላ ይዞ ቤቷ መጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ይኸው ንጽሕትሽ» አለና ወጣ። ከዚያ ወዲህ ደጇን አልረገጠም። ዘመድ ቤት ሲገናኙ እንኳ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ያልፋታል። እሷን ያንገበገባት ኩርፊያው ብቻ አልነበረም፤ መኮረፉ ልክ መሆኑን ማወቋም ጭምር ነው።

በዚያው ወቅት ሆስፒታሉ ውስጥ ያሉት ዜሮዎቿም ረገፉ። ሆድ ብሷት መደቡን ስትዞር ዓይኗ ዳር ላይ አረፈ። መደቡን ዙሪያውን የከበበው ሩዝ ቆሟል! የዳር ሩዝ ከነፋስ እንዲከልል ብቻ የሚዘራ ነው፤ ማርክ አይሰጠውም፣ መዝገብም አያውቀውም። ወረንጦ ለዳር የምትዘራው ድሮ አራት አግኝቶ ከተጣለ ዝርያ የተረፈ ዘር ነበር፤ በየዓመቱ ከራሱ ላይ ታጭድና መልሳ ትዘራዋለች። ቅጠሉን ገልብጣ አየችው። ነጠብጣብ አለው። ነጠብጣቡ ግን ከምስር ክክ አይበልጥም፤ ጠርዙ ቡናማ ሆኖ እዚያው ቆሟል። አንገቱ ጤነኛ፣ ዛላው ሙሉ። በጣቷ ቆጠረች፤ ስምንት ዓመት! በየዓመቱ እየታመመ፣ በየዓመቱ እያፈራ፣ እሷ በየቀኑ በአጠገቡ ስታልፍ።

«ወይ እኔ ዕውር!» አለች ጮክ ብላ።

ለጣቢያው ወጣት ተመራማሪ ስትነግረው መነጽሩን አወለቀ። «እትዬ ወረንጦ፣ ንጽሕትን ይጠብቃት የነበረው አንድ ዘረ መል ብቻ ነው። ፈንገሱ እሱን ካለፈ በቃ፣ አለቀ። ይሄኛው ግን ብዙ ትንንሽ መከላከያ ያጠራቀመ ይመስለኛል። አንዱን ቢያልፍ ሌላው ያዘገየዋል።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ዘመን ስንጥል የኖርነው ማንን ነው?»

«እሱኑ» አለ ልጁ አንገቱን ደፍቶ።

የዳሩን ሩዝ ምርታማ ከሆነ ዝርያ ጋር አዳቅላ፣ ነጠብጣቡ የማይሰፋውን እየመረጠች ስድስት ዓመት ደከመች። በመጨረሻ የቀረው በሽታው በሚጠናበት የገበሬ ማሳ ላይ መሞከር ነበር። ጭጋግ እስከ ረፋድ የማይነሣበት ያ ረግረግ የማን እንደሆነ በጣቢያው ስብሰባ ላይ ያሉት ሁሉ ያውቃሉ። «እኔ እሄዳለሁ» አለች ወረንጦ። ወንድሟ እንቢ ቢል ለሩዙ ሌላ ማሳ አይጠፋም፤ እሷ ግን ሌላ ወንድም የላትም።

ወንድምየውን ግቢው ውስጥ የውሃ ፓምፕ ፈታትቶ ሲጠግን አገኘችው። ከቦርሳዋ መጀመሪያ ያወጣችው ዘሩን አይደለም። በጣም የታመመውን ቅጠል መርጣ ይዛ ነበር።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ላንተ ያመጣሁት ሩዝ ነው። ይታመማል፣ ጋሼ። በየዓመቱ ይታመማል።»

«ሰው ጤነኛ ያመጣል፣ አንቺ በሽተኛ ታመጫለሽ?»

«ጤነኛውንማ አምጥቼልህ አየኸው።»

ሳቅ አመለጠው፤ ወዲያው ፊቱን አኮሳተረ። «ዛሬስ በእኔ ይሁንብህ አትይም?»

«አልልም። ታሞ እንደማይሞት አይቻለሁ። ከዚያ በላይ አላውቅም።»

ቅጠሉን አገላብጦ አየ። ከዚያ ከማሳው ሁሉ እርጥቡን፣ እንቁራሪት እንኳ የሚበርደውን ጥግ ሰጣት።

ጭጋጉ እንደ ልማዱ መጣ። አንድ ረፋድ ስልኳ ጮኸ፤ ከሰባት ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ጥሪው ነበር። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመም።

«ወጣበት!»

«ምን ያህላል?»

«ምስር ያህላል።»

በሳምንቱ እንደገና ደወለ። «ያው ምስር ነው።» በሦስተኛው ሳምንት ግን ስልኩ ዝም አለ። ዛላው የሚወጣበት፣ አንገቱ የሚፈተንበት ሳምንት ነበር። ወረንጦ መቀመጥ አቃታት፤ ሥራዋን ጥላ አውቶቡስ ተሳፈረች።

ስትደርስ ወንድሟ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ገብቶ የእያንዳንዱን ዛላ አንገት በአውራ ጣቱ ይዳስሳል። ከማዶ አንድ ጎረቤት ይጮኽበታል፦ «አንተ ሰው፣ ሩዝህ ታሟል እኮ! ሳይብስ ንቀለው!»

«ዐውቃለሁ» አለ ቀና ሳይል። «እህቴ መጀመሪያውኑ ነግራኛለች።»

ወረንጦ ከድንበሩ ላይ ቆማ ሰማችው።

በአጨዳው ቀን የዚያ ጥግ ሩዝ የፍሬውን ክብደት መሸከም አቅቶት አጎንብሶ ነበር። ወንድምየው አንዷን ፍሬ ፈልፍሎ በጥርሱ ሰበራትና አንገቱን ነቀነቀ።

«ለከርሞ ለማሳው ሁሉ የሚበቃ ዘር አላችሁ?»

«አለ። ግን ጋሼ፣ ፈንገሱም አይተኛም። በየሳምንቱ ቅጠሉን እየገለበጥክ ማየት አለብህ፤ ነጠብጣቡ ሰፋ ካለ ቶሎ...»

«ብቻዬን?» አላት ቆጣ ብሎ። «አንቺ አትመጪም እንዴ?»

«እመጣለሁ እንጂ፣ ጋሼ» አለች ወረንጦ።

«በይ ነይ፣ ምሳ ሳይቀዘቅዝ» አለና ወደ ቤቱ ቀደማት።