ስሟ ከነአባቷ

መተማ ዮሐንስ ጋዜጣ የሚደርሰን ከጎንደር በሚወርድ የጭነት መኪና ነበር፤ በበጋ ሳምንት፣ በክረምት ወር ዘግይቶ። እኔ የአንደኛ ደረጃ መምህርትና የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ጸሐፊ ስለነበርሁ፣ የፊት ገጹን ቀበሌው በር ባለው ሰሌዳ ላይ የመለጠፍ ሥራ የእኔ ነበር። አዲሱ ሲመጣ አሮጌውን ልጬ ለመሠረተ ትምህርት እወስደዋለሁ። ተማሪዎቼ አዋቂዎች ናቸው፤ የርዕሱ ፊደል ትልልቅ ስለሆነ ከሩቅ ይታያቸዋል።

ከተማሪዎቼ አንዷ ከጎጃም የወረደች ሴት ነበረች። ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የሚመጡትን የቀን ሠራተኞች እኛ ሳሉግ እንላቸዋለን። እሷም ከሳሉጎች ጋር ወርዳ መጀመሪያ ምግብ ስታበስልላቸው ቆየች፤ ኋላ ማጭድ ይዛ አብራቸው ማጨድ ጀመረች። አጨዳው አልቆ ሌሎቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱ እሷ ቀረች። ለምን እንደቀረች ስጠይቃት ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ አንገቷን አሳየችኝ። ባሏ በጋለ ማጭድ ያሳረፈባት ጠባሳ ነበር።

«የት እንደገባሁ አያውቅም» አለችኝ። «ሞታለች ብሎ ተዝካሬን ያውጣ።»

አንድ ቀን የፊት ገጾቹን ግድግዳው ላይ ደርድሬ ፊደል እንዲለዩልኝ «ምን ታያላችሁ?» አልኋቸው። እሷ ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄደች ፎቶግራፎቹን ስታይ ቆየችና ዞር አለች።

«እታለም፣ ወንዶቹ ሁሉ ስም አላቸው። ሴቶቹ ስም አልወጣላቸውም?»

ስንት ጊዜ ስለጥፈው አላየሁትም ነበር። ከላይ ወንድ አለ። መመሪያ ይሰጣል፣ ይጎበኛል፣ እጅ ይጨብጣል። ፊቱ ኮስተር ያለ ነው፤ ከሥሩ ሙሉ ስሙና ማዕረጉ ተጽፏል። ከታች ጥጉ ላይ ሴት አለች። ነዶ ታቅፋለች፣ ወይም ሕፃን አዝላ ጠመንጃ ይዛለች፤ ምንም ብትይዝ ትስቃለች። ከሥሯ «አንዲት ሴት አርሶ አደር በደስታ ስታመርት» ይላል። በዚያ ሁሉ ወረቀት ላይ የተናገረች ሴት ፈልጌ አጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ትምህርቴ እሱ ሆነ። ማን ቆሟል? ማን ተቀምጧል? የማን ስም ቀረ? ተማሪዎቼ እየተሻሙ ይመልሱ ነበር። ወሬው የቀበሌው ሊቀመንበር ጆሮ ደረሰና ቢሮው አስጠራኝ።

«ጓዲት፣ የመሪዎችን ፎቶግራፍ ከአጫጅ ሴት ጋር ታወዳድሪያለሽ አሉ። ሁለተኛ እንዳልሰማ።»

ድምፁን ከፍ አላደረገም። እዚያ ቢሮ ተጠርተው ያልተመለሱ ሁለት መምህራን ስለማውቅ ከፍ ማድረግም አላስፈለገውም። ገጾቹን ከግድግዳው አነሳሁ።

የሴቶች ቀን ሲቃረብ አንድ ጋዜጠኛና አንድ ፎቶግራፍ አንሺ ከአዲስ አበባ መጡ። ሴት ትራክተር ነጂ ይፈልጋሉ። የለንም ስንላቸው «እንግዲያው አንዲት አዘጋጁ» አሉ። ሊቀመንበሩ ተማሪዎቼን አሰልፎ አፋቸውን አስከፈተ።

የጎጃሟ ላይ ሲደርስ «ይቺ ጥርሷ ያምራል» አለ። «እሷ ትሁን።»

ኮኪት አጠገብ ወዳለ እርሻ ወሰድናት። ትራክተሩ ከጧት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ቆሞ የዋለ ነው። ሹፌሩን ገለል አድርገው እሷን ሲያስቀምጧት የጋለው ብረት ጭኗን አቃጠላትና ዘላ ተነሳች። ሹፌሩና ሊቀመንበሩ ሳቁ። ፎቶግራፍ አንሺው መልሶ አስቀመጣት።

«አንገቷ ላይ ያለው ምንድን ነው? ሸፍኑልኝ» አለ። ቀይ ሻሽ አሰሩባት። «መሪውን ያዢ። ሳቂ! እንደሱ አይደለም፣ ጥርስሽ ይታይ!»

ዕንባዋ እየወረደ ሳቀች። ዕንባውን ጠረጉላትና እንደገና አሳቋት።

ሲጨርሱ ጋዜጠኛው ደብተሩን ሊያጥፍ ሲል ሄድሁበት። «ጓድ፣ ስሟ ከነአባቷ ይጻፍላት። እንደ ወንዶቹ።»

እሷ ቀሚሴን ከኋላ ያዘችኝ። «እታለም፣ ይቅር።»

«አትፍሪ» አልኋት። «እናንተ አገር ጋዜጣ የሚያነብ ማን አለ?»

ስሟን፣ የአባቷን ስም፣ የተወለደችበትን ወረዳ ሳይቀር ቃል በቃል አስጻፍሁት። ሊቀመንበሩን በዘዴ ያሸነፍሁት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

ጋዜጣው ሲደርስ ታች ጥጉ ላይ ወጥታለች። እኔው ለጠፍሁት። ጣቷን ፊደሉ ላይ እያስኬደች ስሟን ራሷ አነበበች። ትራክተሩን እንኳ አላየችውም። ሦስት ቀን ሰሌዳው ሥር እየቆመች ደጋግማ አነበበችው።

ከወር በኋላ ባሏ መጣ፤ ወንድሟንም አስከትሏል። የፊት ገጹን አራት አጥፎ እጀ ጠባቡ ውስጥ ይዞታል። በአገራቸው የገበሬ ማኅበር ስብሰባ ላይ ጋዜጣው ጮክ ተብሎ ሲነበብ፣ የወረዳችን ልጅ ተብሎ ተጨብጭቦላት፣ እሱም እዚያው ተቀምጦ ሰምቷል።

ቀበሌ ጽሕፈት ቤት አስገብተው ፊት ለፊት አስቆሟቸው። እሷ «አልሄድም፤ ይገለኛል» አለች። ሻሿን ፈትታ አንገቷን አሳየች። ወንድሟ መሬት መሬት ያያል። ባሏ ገጹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው።

«እቤቴ ያልሳቀችውን ሳቅ ለአገር ስትስቅ ይቺውላችሁ» አለ።

ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞረ። «ጓዲት፣ የሴቶች ማኅበር ምን ይላል?»

ሁሉም አየኝ። እሷም አየችኝ፤ ፊቷ ላይ ተስፋ ነበር። ያ ቢሮ፣ ያ ያልጮኸ ድምፅ፣ ሁለቱ መምህራን መጡብኝ።

«የትዳር ጉዳይ ነው» አልሁ። «በሽማግሌ ይለቅ።»

ሽማግሌ አልተፈለገም። ሊቀመንበሩ ለባሏ የይለፍ ወረቀት ጻፈለት፤ እኔ ማኅተም መታሁበት። ሰሊጥ የጫነ መኪና ላይ ወንድሟ በአንድ እጇ፣ ባሏ በሌላው ጎትተው አወጧት። አልጮኸችም። ስሜንም አልጠራችም።

በሚቀጥለው አጨዳ ከወረዳዋ የወረደ አንድ ሽማግሌ ሳሉግ አገኘሁና ስለሷ ጠየቅሁት።

«አለች» አለኝ። «እንደገባች ባሏ ቀኝ እጇን ሙቀጫ አፍ ላይ አስደግፎ በዘነዘና ቀጠቀጠው። ማጭድም፣ ብዕርም እንዳትይዝ ብሎ። አሁን በግራዋ ውኃ ትቀዳለች።»

ሽማግሌው ማጭዱን መሳል ጀመረ።

«መተማ እወርዳለሁ ብላት ስለ እርስዎ ጠየቀችኝ» አለ።

«ምን ብላ?»

«ያቺ መምህርት ዛሬም ታስተምራለች ወይ፣ ብላ።»

«አስተምራለሁ» አልሁት።

«እነግራታለሁ» አለኝ።