ከአልዱባ ያነሰው ድምር

በደርግ የመጨረሻ ዓመታት እኛ ቢሮ ኮምፒውተር የምነካው እኔ ብቻ ነበርኩ። ጂንካ ባለው የእንስሳት ሕክምና ጽሕፈት ቤት ከየመንደሩ የሚመጣውን የከብት ቁጥር አስገብቼ ምን ያህል ክትባት እንደሚያስፈልግ አወጣለሁ። ያን ሰሞን ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ ተቃረበ ተባለ። የክትባቱ ማዘዣ አሥር ሰዓት ላይ በሬዲዮ ይነገራል፤ ካነሰ ከብቱ ማለቁ ነው።

ጠቅላላ ድምሩ አነሰብኝ። አለቃዬ ግን አልገረመውም።

«ግብር ፈርተው ይደብቃሉ፤ ይኸው ማሽኑ አጋለጣቸው» አለኝ።

ደሜ ፈላ። ጠዋት ከአልዱባ መንደር መጥተው ከብታቸውን ያስመዘገቡትን ሽማግሌ «ትዋሻለህ» ብሎ በሰው ፊት አዋርዷቸው ነበር። የአልዱባን ብቻ ለይቼ ባወጣው ከጠቅላላው በለጠ። በእጄ ደምሬ ሳሳየውም «ማሽኑ የመጣው እጅ ስለሚሳሳት ነው» ብሎ ወረቀቱን ገፋው።

«እንግዲያው ጓድ፣ ማሽኑ ራሱ እስኪናገር ማዘዣውን እንዳይልኩት» አልኩት።

ፕሮግራሙን ሠርቶ የሄደው ባለሙያ ለእያንዳንዱ መንደር ቁጥር የሰጠው አሥራ ስድስት ቢት የሚባለውን ጠባብ የቁጥር ቦታ ነው። እዚያ ከሠላሳ ሁለት ሺህ ብዙም የማይበልጥ ቁጥር ነው የሚገባው፤ ካለፈ ከዜሮ በታች ይገለበጣል፣ ሲብስም ዞሮ ዞሮ ትንሽ ቁጥር ይሆናል። የድምሩን ቦታ ወደ ሠላሳ ሁለት ቢት አሰፋሁት። ያው ነው። የጄኔሬተሩ ነዳጅ እያለቀ ነበር፤ እኔ ግን ወይ ፍንክች።

በኋላ ገባኝ። መደመሩ የሚካሄደው በጠባቡ ቦታ ነው፤ ወደ ሰፊው የሚደርሰው ከተቆረጠ በኋላ ነው። ወተቱ ከቅሉ ከፈሰሰ የጋኑ መስፋት ምን ይረባል? ስለዚህ እያንዳንዱን ቁጥር ከመደመሩ በፊት አሰፋሁት። ማሽኑም የእጄን ድምር አወጣ። አለቃዬ እያጉረመረመ፣ በእኔ ውትወታ መጠባበቂያም ጨምሮ፣ በሬዲዮ አዘዘ።

ክትባቱ በአውሮፕላን መጣ። አልዱባ ስንወርድ እኚያ ሽማግሌ ካስመዘገቡት እጅግ የሚበልጥ ከብት ነድተው ጠበቁን።

«አላልኩሽም?» አለኝ አለቃዬ።

ሽማግሌው አላፈሩም። «መርፌ ከሌለ፣ ቆጠራ ካለ፣ እሱ ግብር ነው። ዛሬ መርፌ አለ። ሁሉንም ውጋ» አሉት።

አለቃዬ ወደ እኔ አየ። የመጠባበቂያውን ሣጥን ከፍቼ አቀበልኩት፤ እሱም መርፌውን ሞላ።