ከእጩዎች ዝርዝር የቀሩት አልቃሽ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤቴ በጩኸት ተናወጠ። ልጄ ሰላምና ሁለት የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቿ አንድ ስልክ ላይ ተደፍተው የዘንድሮውን የፊልም ሽልማት እጩዎች ያነባሉ። የሚወዷት ተዋናይት ስም የለም። አንደኛዋ «ዳኞቹ ፊልሙን አላዩትም» አለች። ሌላዋ «አይተውታል፤ ዘመድ የላትም እንጂ» ብላ መለሰች። የኔዋ ደግሞ ስልኩን ሶፋው ላይ ወርውራ ከእንግዲህ ፊልም የሚባል ነገር እንደማታይ አወጀች። ደብረ ማርቆስ ተቀምጦ በአዲስ አበባ ዳኞች መናደድ በኔም ዘመን ነበር። እኔማ ተናድጄ ብቻ አልቀረሁም፤ ማመልከቻ ጽፌያለሁ።

ያኔ የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ነበርኩ፤ ከዚህ ብዙም በማትርቀው ሉማሜ አስተምር ነበር። ፊልም በሲዲ የሚመጣበት ዘመን ነው። ከአውራ ጎዳናው ዳር ካለው ሻይ ቤት ጀርባ አንዲት ቪዲዮ ቤት ነበረች። አግዳሚው ወንበር ጀርባ ያሳምማል፣ ጣሪያው በክረምት ያፈሳል፤ እኛ ግን ከዚያ የተሻለ ቦታ ያለም አይመስለንም ነበር። አንድ ፊልም ካየሁ በኋላ አስተያየቴን የሚያስለውጠኝ ሰው አልነበረም። አሁንም የለም፤ ባለቤቴን ጠይቁ።

በኅዳር፣ ጤፉ ታጭዶ በየማሳው ሲከመር፣ ከአዲስ አበባ የፊልም ሠራተኞች መጡ። ልጇ ሞቶባት ሙሾ የምታወርድ እናት በፊልሙ ውስጥ አለች። ለዚሁ ይዘዋት የመጡት ተዋናይት ቆንጆ ነበረች፤ ለቅሶዋ ግን የጥርስ ሕመም ይመስል ነበር። አገሬው ሲስቅባት አዘጋጁ ወደኔ መጥቶ «ሰው ጠቁመን» አለኝ። አፍታም አላሰብኩም። እትዬ ጥሩወርቅን ጠቆምኩ።

እትዬ ጥሩወርቅ ጎረቤቴ ነበሩ፤ በሉማሜና በዙሪያው የታወቁ አልቃሽ። ለቅሶ ቤት ገብተው የሟቹን ሥራ፣ የበሬዎቹን ስም፣ ጀምሮት የቀረውን አጥር ሳይቀር በግጥም ሲያነሱ ድንጋይ ያስለቅሳሉ። ካህናቱ ሙሾ ባይወዱም እሳቸው ሲጀምሩ አንገታቸውን ደፍተው ይሰሙ ነበር። ያለ እትዬ ጥሩወርቅ የተቀበረ ሰው ወገን እንደሌለው ይቆጠራል።

«የማለቅሰው ለማን ነው?» አሉኝ ስጠይቃቸው።

«ለማንም አይደለም፤ ልጅ የሞተብዎት መስለው ነው።»

«መምሰልማ አላውቅበትም። ሞቷል ካላችሁኝ ግን አለቅስለታለሁ።»

ሦስት ጊዜ አስለቀሷቸው፤ ሦስቱንም ጊዜ ካሜራ የያዘው ሰው ዓይኑን ጠረገ። ችግሩ መንደሩ በሙሉ ቆሞ ማየቱ ነበር። ቀረጻው እንዳለቀ ሟቹ ከቃሬዛው ዘሎ ወረደና ሻይ ቤት ገብቶ ፓስቲ በሻይ ይበላ ጀመር። ያን ቀን ያልሳቀ ሰው አልነበረም፤ እኔም እስኪያመኝ ሳቅሁ።

በታኅሣሥ አንድ ጎልማሳ የሠፈራችን ሰው ሞተ። እትዬ ጥሩወርቅ እንደ ልማዳቸው ጥቁር ለብሰው መጡ። ሙሾውን ሊያወጡ ሲሉ የሟቹ እኅት እጃቸውን ያዘች።

«ይተዉን እትዬ። ለፓስቲ በሊታውም ያንኑ እንባ አፍስሰውለታል። የወንድሜ ሞት ጨዋታ አይደለም።»

ከዚያ ወዲህ የሚጠራቸው ጠፋ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ፣ ድሮ ያለቀሱላቸው ቤተሰቦች ሳይቀሩ «እንግዲህ ለኛም ያለቀሱት እንዲያ ነበር ማለት ነው» ይሉ ጀመር። እሳቸው ለቅሶ መሄዱን አልተዉም፤ ከኋላ ይቀመጡና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ዝም ይላሉ። ሌላ ሴት ስታለቅስ ከንፈራቸው ከነጠላው ሥር ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። የጠቆምኳቸው እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የኔ መሆኑን ማንም ሊነግረኝ አላስፈለገም። በጣም አፈርኩ።

ፊልሙ ወጥቶ ቪዲዮ ቤታችን ሲደርስ ተስፋዬ ለመለመ። በዚያ ዓመት የወጣውን ፊልም ሁሉ አይቼ ስለነበር እንደሳቸው ያለ ትወና እንደሌለ አውቃለሁ። እጩ ይሆናሉ፣ ስማቸው በጋዜጣ ይወጣል፣ ያኔ ሰው ሁሉ ያከብራቸዋል ብዬ ቆረጥኩ። በግንቦት፣ ዝርዝሩ በሚወጣበት ቀን፣ ዓባይን ተሻግሮ የሚመጣውን የከሰዓት አውቶቡስ ከጓደኞቼ ጋር መንገድ ዳር ቆሜ ጠበቅሁ። ጋዜጣው ተጣጥፎ፣ አቧራ ጠጥቶ መጣ። ለምርጥ ረዳት ተዋናይት አምስት ሴቶች ታጭተዋል፤ የእትዬ ጥሩወርቅ ስም የለም። ገጹን ገለበጥኩት። ጀርባው የመኪና ጎማ ማስታወቂያ ነው።

ባገራችን ሰው ሲበደል አቤት ይላል። መሬቱ ሲነካበት ለወረዳ፣ ወረዳ ካልሰማው ለዞን። እኛም ሌላ ነገር አልታየንም፤ ሻይ ቤት ተቀምጠን ለሽልማቱ ዳኞች ማመልከቻ ጻፍን። «ጉዳዩ፦ ያለ አግባብ ከእጩነት መቅረትን ይመለከታል» ብዬ ጀምሬ፣ ግልባጭ ለወረዳው ባህል ጽሕፈት ቤት ብዬ ጨረስኩ። የቪዲዮ ቤቱ ደንበኞች በሙሉ ፈረሙ፤ ሁለቱ ፊልሙን ጭራሽ አላዩትም ነበር። የቀረው የአመልካቿ ፊርማ ነው።

እትዬ ጥሩወርቅን በራፋቸው ላይ ምስር እየለቀሙ አገኘኋቸው። ማመልከቻውን በሚያምር ድምፅ አነበብኩላቸው። ቀና አላሉም።

«የመረጡት ሰዎች አዋቂዎች ናቸው?»

«ናቸው።»

«የሚሸልሙት ምን ለሚችል ነው?»

«ለሚተውን ነው፤ ያልሆነውን ሆኖ ለሚያሳምን።»

«እኔ የለሁበትም?»

«የሉበትም። ለዚህ እኮ ነው የምንጮኸው።»

ሰፌዱን አስቀመጡ። «ማመልከቻህን ተወው። ጋዜጣውን ለጋሽ ሙሉነህ አድርስልኝ።»

ጋሽ ሙሉነህ የእድራችን ዳኛ ነበሩ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እድርተኛው ዋርካው ሥር ሲሰበሰብ መነጽራቸውን አድርገው ዝርዝሩን ሁለት ጊዜ አነበቡ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦

«ጥሩወርቅን የከሰስናት አስመስላ ታለቅሳለች ብለን ነው። እነሆ፣ አስመሳይን ከእውነተኛ መለየት ሥራቸው የሆነ ሰዎች አገሩን ሁሉ አበጥረው ማስመሰል የሚችሉትን ለቅመዋል። ጥሩወርቅ አልተገኘችባቸውም። ከነዚህ አዋቂዎች እኛ እንበልጣለን?»

እኔ መልስ ነበረኝ፤ በሕይወቴ ዝም ማለት ካወቅሁባቸው ጥቂት ቀናት አንዱ ያ ነው። የሟቹ እኅት ከሴቶቹ መሃል ተነሥታ ሄደችና የእትዬ ጥሩወርቅን ጉልበት ሳመች። «ለመንፈቁ እንጠብቅዎታለን፤ ወንድሜ ሳይለቀስለት ነው የሄደው» አለቻቸው። እሳቸው ራሷን ደገፍ አድርገው ይዘው እዚያው፣ መንፈቁን ሳይጠብቁ፣ በለሆሳስ ጀመሩ። ዋርካው ሥር ያለው ሰው በሙሉ ባርኔጣውን አወለቀ።

ወደ ቤት አብረን ተመለስን። ሌሎቹ በየበራቸው ሲገቡና ብቻችንን ስንቀር እትዬ ጥሩወርቅ ቆሙ፤ ጋሽ ሙሉነህ የመለሱላቸውን ጋዜጣ ከመቀነታቸው አወጡ።

«እስቲ የሴቶቹን ቀስ ብለህ አንብብልኝ።»

አምስቱን ስሞች አንድ በአንድ አነበብኩ።

«ሥራቸውን አይተሃል?»

«የሁሉንም አይቻለሁ።»

«ከነሱ ውስጥ እንደኔ ያለቀሰች አለች?»

«የለችም።»

«አውቃለሁ» አሉና ጋዜጣውን አጥፈው መልሰው በመቀነታቸው ሸጎጡት።

ለነሰላም ይህን ስነግራቸው ስልኩን ረስተውት ነበር። ሰላም ማመልከቻው የት እንደደረሰ ጠየቀችኝ። በዚያው ዕለት ቀድጄዋለሁ። ዳኞቹ ተሳስተዋል፤ ዛሬም ፊት ለፊታቸው ቆሜ እላለሁ፤ ሉማሜ ላይ ግን ይህን ጮክ ብሎ መናገር እትዬ ጥሩወርቅን መልሶ ከኋላ ማስቀመጥ ነበር። ስለዚህ ያን ዓመት ማን እንደበለጠ እሳቸውና እኔ ብቻ እናውቅ ነበር። ያኔ ያዘንኩት ሽልማት ሳያገኙ ቀሩ ብዬ ነው። መንገድ ዳር አቁመው ሲጠይቁኝ «የለችም» ማለቴ ሽልማታቸው እንደነበር የገባኝ እኔ ራሴ ዕድሜዬ ከገፋ በኋላ ነው። እንኳንም አላመነታሁ።