ሦስተኛው አግዳሚ፣ በወንዶቹ በኩል

አዳራሹ በር ላይ የሃምሳ ሳንቲም ቲኬቴን ይዤ ቆምኩ... ወደ ቀኝ ልሂድ ወይስ ወደ ግራ?

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው፣ ሆሳዕና። ቀስ እያልኩ ነው የምጽፈው፣ ታገሱኝ።

አዳራሹ ድሮ ቤተ ክርስቲያናችን ነበር። ታሽጎ ከቆየ በኋላ ቀበሌው ወሰደውና የስብሰባና የኪነት አዳራሽ ሆነ። አግዳሚዎቹ ግን የእኛው ናቸው። ለአምልኮ ስንሰበሰብ ወንዶች በቀኝ፣ ሴቶች በግራ ነበር የምንቀመጠው። በሴቶቹ በኩል ወፍራም ምሰሶ አለ፤ መድረኩን ይጋርዳል። ለስብከት የሚያስፈልገው ጆሮ ስለሆነ በምሰሶው ያማረረች ሴት አላስታውስም።

ልጄ ታመነ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር። ለብሔራዊ ውትድርና ተመዝግቦ ሰኞ ሊሄድ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ የቀበሌው ኪነት ቲያትር ያሳያል። ታመነ ልጁን ወደ ጦር ሜዳ የሚሸኝ ሽማግሌ ሆኖ ይሠራል። ዓይን አፋር ልጅ ነው፤ ሰው ፊት ቆሞ ሲናገር ያ የመጀመሪያው ነበር።

ዓርብ ዕለት ከጓደኛው ከከድር ጋር እየሳቁ መጡ። የከድር አባት ገበያው አጠገብ ሱቅ ያላቸው ጉራጌ ናቸው።

«እማ፣ መቀመጫ መረጥንልሽ!» አለኝ ታመነ።

«መቀመጫ ደግሞ ይመረጣል እንዴ?»

«እትዬ፣ ጉድ ነው የሠራኝ» አለ ከድር። «እኔን መድረክ ላይ አቁሞ እሱ አግዳሚውን ሁሉ ሲቀመጥበት ዋለ። ‹ፊትህ ይታያል፣ አፍህ አይታይም፣ ትንሽ ወደዚያ በል› ሲለኝ እግሬ ቄጤማ ሆነ።»

ታመነ በጣቱ እየቆጠረ አስረዳኝ። የሁለት ብሩ ወንበር ከመድረኩ ሥር ስለሆነ አንገት ያሳምማል፤ ደግሞም የባለሥልጣናት ነው። ኋላ በሃያ አምስት ሳንቲም መቆም ይቻላል፤ ግን የእኔ ወገብ አይችለውም። «በቀኝ በኩል ሦስተኛው አግዳሚ፣ ግድግዳው ጥግ። ሃምሳ ሳንቲም ነው። ግድግዳው ጀርባሽን ይደግፍልሻል፣ ከፊትሽ ምንም የለም። ጋቢዬን አጥፌ አስቀምጥልሻለሁ፣ እሱ ላይ ትቀመጫለሽ። እኔም ስናገር ወደዚያ ነው የማየው... ካላየሁሽ ቃሉ ይጠፋብኛል።»

እሺ አልኩት።

በሩ ላይ ቆሜ ሳይ ግን፣ ማንም ሳያዛቸው ሰዎቹ እንደ ድሮው ተቀምጠዋል። ወንዶች በቀኝ፣ ሴቶች በግራ። ጋቢው ሦስተኛው አግዳሚ ጥግ ላይ ታጥፎ ይታየኛል። አጠገቡ የተቀመጡት አቶ ሀንዲሶ ናቸው፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ።

ጎረቤቴ አየለች ከግራ በኩል ጠራችኝ። «ነይ እንጂ! ወንድ መሃል ልትገቢ ነው? ልጅሽ አርቲስት ቢሆን አንቺም ዘመንሽ?»

ሴቶቹ ሳቁ። አቶ ሀንዲሶ ዞረው አዩኝና እጃቸውን ጋቢው ላይ አደረጉ። የሚገስጹኝ መሰለኝ። ዓይኔን ሰብሬ ወደ ግራ ሄድኩ... አየለች አጠገብ፣ ምሰሶው ኋላ ተቀመጥኩ።

ቲያትሩ ተጀመረ። ታመነ ሲገባ ሕዝቡ ሳቀ። የጥጥ ጺም አድርጎ ነበር አሉ። እኔ ወደ ቀኝ ዘመም፣ ወደ ግራ ዘመም እላለሁ... ምሰሶ። አንዴ የከዘራው ጫፍ ታየኝ፣ አንዴ ጫማው።

ልጁን የሚመርቅበት ቦታ ላይ ሲደርስ ዝም አለ። ረጅም ዝምታ። «ቃሉ ጠፋው» ብላ አየለች አንሾካሾከች። እኔ ለምን እንደጠፋው አውቃለሁ። ተነስቼ «ታመነ፣ እዚህ ነኝ!» ልለው ፈለግሁ... አፍሬ ቀረሁ። በኋላ እንደምንም ቀጠለ። ድምፁ ተንቀጠቀጠ፤ ሕዝቡ የሽማግሌ ድምፅ መስሎት አጨበጨበ።

ስንወጣ ጋቢውን ይዞ እየሮጠ መጣ። ጥጥ አገጩ ላይ ቀርቷል።

«እማ፣ አየሽኝ?»

«አየሁህ እንጂ!»

«ጺሙስ?»

«ቁርጥ አያትህን!»

ሳቀ። ጥጡን ከአገጩ ላይ አነሳሁለት።

አቶ ሀንዲሶም ከኋላችን ደረሱ። «አንቺ ሴት» አሉኝ፣ «ቦታሽን ሰው እንዳይዝብሽ በእጄ ስጠብቅልሽ እኮ ነው የዋልኩት!» መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ታመነ ግን ያልሰማ መስሎ ጋቢውን ትከሻዬ ላይ አደረገልኝ።

ሰኞ በጭነት መኪና ሄደ። በሁለተኛው ዓመት መርዶው መጣ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ከድር መጣ፤ አብሮት ዘምቶ እግሩን ቆስሎ ነው የተመለሰው። ምርኩዙን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀመጠ።

«እትዬ... አንድ ነገር ልንገርሽ። የቲያትሩ ቀን እንዳላየሽው ያውቅ ነበር። ‹እናቴ የዋሸችው እኔ እንዳላዝን ብላ ነው› ይለኝ ነበር። ‹ስመለስ ግቢያችን ውስጥ፣ ምንም በማይጋርደው ቦታ ቲያትሩን ለብቻዋ እሠራላታለሁ› ይል ነበር።»



ከድር እንባውን ጠረገና ምርኩዙን ይዞ ተነሳ። «ቃሉን በሙሉ አውቀዋለሁ። እኔ ልሥራልሽ?»

«ተቀመጥ፣ የኔ ልጅ» አልኩት። «ከዚያ ቀን የቀረኝ ድምፁ ብቻ ነው። የአንተ ከተጨመረበት ይጠፋብኛል።»

ተቀመጠ። አብረን አለቀስን።

ያን ቀን ምን ይሉኛል ብዬ የፈራኋቸውን ሰዎች በኋላ አንድ በአንድ ጠየቅኋቸው... የት ተቀምጬ እንደነበር የሚያስታውስ አንድም ሰው የለም።