የጋሽ ፈንታ ታብሌት

አማኑኤል ከተማ ላይ ሬዲዮ የሚጠግኑት ጋሽ ፈንታ ሰሞኑን ደብረ ማርቆስ ድረስ መጥተው፣ «አንድ ታብሌት ላሳይህ፤ ያዋጣል አያዋጣም በለኝ» አሉኝ። እሳቸውን እምቢ አልልም። ልጅ ሆኜ ከትምህርት ቤት ስወጣ፣ ሱቃቸው ውስጥ ከጎናቸው በርጩማ ላይ ተቀምጬ ሬዲዮ እየፈታሁ ነው ያደግሁት። የቀለጠ እርሳስ በሸተተኝ ቁጥር ዛሬም ያ ሱቅ ትዝ ይለኛል።

አንድ ሱቅ ይዘውኝ ገቡ። ታብሌቱ የሚሸጠው ከኪቦርድ፣ ከማዳመጫ፣ ከእስክሪብቶና ከሽፋን ጋር በአንድ ካርቶን ነው። እኔ ደግሞ ማስረዳት ከጀመርሁ ማን ይመልሰኛል።

«ጋሼ፣ የዕቃው ብዛት አያታልልዎት። ሚሞሪ ማለት እንደ ጠረጴዛ ነው፤ የዚህ በጣም ጠባብ ስለሆነ ሁለት ነገር ሲከፍቱ ቀጥ ይላል። እስክሪብቶው ከጣትዎ አይሻልም። ማዳመጫው በአንድ ጆሮ ብቻ ነው የሚሰማው። ባትሪው ደግሞ...»

«ይበላሻል?» አሉ አቋርጠውኝ።

«ፋሲካን አያይም።»

ባለሱቁ አፈጠጠብኝ።

«ሲበላሽስ ይከፈታል? ወይስ እንደነዚያ ውድ ስልኮች በሙጫ የታሸገ ነው?» አሉ ጋሽ ፈንታ።

«ርካሽ አይደል፣ ጀርባው በጥፍር ይላቀቃል።»

ጋሽ ፈንታ ወዲያው ከፈሉ። እኔ ደነገጥሁ።

«ምነው ጋሼ? ያልሁትን አልሰሙኝም?»

«አንድም አላመለጠኝ» አሉ ካርቶኑን ብብታቸው ሥር እያስገቡ። «ሬዲዮ የሚያመጣልኝ ሰው የለም። አንተም ከመጣህ ቆየህ። ይኼ የተበላሸ ዕለት እደውልልሃለሁ፤ መፍቻህን ይዘህ ና። በርጩማህ እቦታዋ አለች።»