ጋሽ ጆሮ የልጃቸውን ጀልባ ሲፈትሹ

ጋሽ ጆሮ ሰላምታ ከመስጠታቸው በፊት መዳፋቸውን ሞተሩ ላይ አሳረፉ። ሞቋል። ከዚያ ወደ ሻጩ ዞር ብለው፣ «እንደምን አደሩ?» አሉ። «ይቺ ሞተር ግን ከእኛ ቀድማ ነው የተነሳችው።»

ሻጩ ጡረታ የወጣ የጥርስ ሐኪም ነው፤ ሸሚዙ ጥሩ አድርጎ የተተኮሰ፣ ፈገግታው የማይነጥፍ። «እንዳትቸገሩ ብዬ ትንሽ አሙቄያት ነው» አለ። አይ እንግዲህ! አሮጌ ጀልባ የሚሸጥ ሰው ለገዢ ሲጨነቅ ማን አይቶ ያውቃል? የሞቀ ሞተር ማንም ያስነሳዋል፤ ቁም ነገሩ በቀዝቃዛው መነሳቱ ነው። «እንግዲያው እስኪበርድ ሌላ ሌላውን እናያለን» ብለው ጫማቸውን አወለቁና ወደ መኝታ ክፍሏ ወረዱ።

ጀልባዋን የሚገዙት ልጃቸውና ባሏ ናቸው። በሥራ ቀናት ሰው ከማዶ ወደ ማዶ ሊያመላልሱባት፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ሁለቱን ልጆቻቸውን ይዘው ሊያድሩባት አስበዋል። ባልየው፣ «አባትሽ ደህና ናት ካሉ ዓይኔን ጨፍኜ እፈርማለሁ» ብሎ፣ ሚስቱን ከአባቷ ጋር ልኮ ወደ ሥራው ሄዷል። አማችነት እንዲህ ሲያምርለት!

ጋሽ ጆሮ ፍራሹን አነሱ፤ ከሥሩ ያለውን እንጨት አሸተቱ፤ የመስኮቶቹን ጠርዝ በአውራ ጣታቸው ገፉ። ሽቦዎቹን ሲያዩ፣ «ይሄን በፕላስተር የጠቀለለ እጅ ይደርቅ!» ብለው ተራገሙ። ሻጩ ጣራ ጣራውን አየ። ሞተሩም ከበረደ በኋላ በሦስተኛው ሙከራ ተነሳ፤ ትንሽ አጨሰ እንጂ ክፉ አይደለም።

የቀረው የጀልባዋ ሆድ ነው። ከውሃ ወጥታ በእንጨት ድጋፍ ላይ ቆማለች፤ አዲስ ነጭ ቀለም ተቀብታለች። ጋሽ ጆሮ ስማቸውን ያገኙት እዚህ ላይ ነው። እንዲህ ያለች ጀልባ ላይዋ ፋይበር፣ ውስጧ እንጨት ነው። ውሃ ከገባ እንጨቱ ከውስጥ ይበሰብሳል፣ ከላይ ምንም አይታይም። በትንሽ መዶሻ ሲመቷት ደህናው «ቋ» ይላል፣ የበሰበሰው «ዱፍ»። ለገዢ ጀልባ በፈተሹበት ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያቺን «ዱፍ» ከእኒህ ሰውዬ የደበቀ ሻጭ አልነበረም።

ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ጆሯቸው ከድቷቸዋል። ልጃቸው «ሐኪም ይይህ» ባለቻቸው ቁጥር ጆሮ ዳባ ልበስ እያሉ፣ ንግግሩን ከሰው ከንፈር እየለዩ፣ በዓይንና በጣት ሥራቸውን ገፉበት። ያፍራሉ፤ ሌላ ምን? ይሄ ሥራ ከሄደ እሳቸው ምን ሊባሉ ነው?

ከአፍንጫዋ ጀምረው እየመቱ መጡ። ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፤ ከሩቅ በር የሚንኳኳ ያህል። ወደ ኋላ ደርሰው ሲያልፉ ልጃቸው ትከሻቸውን ነካች።

«አባዬ፣ እዚህ ጋ ምነው ድምፁ ተለየ?»

መለስ ብለው መቱ። ምንም። «እሱ... ከውስጥ ድጋፍ ስላለው ነው» አሉ፤ ቃሉ ከአፋቸው እንዴት እንደወጣ እሳቸውም አያውቁም።

«እሺ፣ አንተ ካልክ» አለች። ወዲያው ሻጩ ውሉን ወደዘረጋበት ጠረጴዛ መራመድ ጀመረች።

አንተ ካልክ! ቢሰድቧቸው ይሻላቸው ነበር። እነዚያ ሁለት ፍሬ ልጆች የሚተኙት በዚህ ግድግዳ ጥግ ነው።

«ነይ ተመለሽ!» ብለው ጮኹ፤ ሻጩም ደንግጦ ቀና አለ። ልጃቸው ስትመጣ መዶሻውን እጇ ላይ አስቀመጡት። «ዋሽቼሻለሁ። አልሰማሁም፣ ምንም አልሰማም። አንቺ ምቺና ንገሪኝ።»

እሷ መታች። «ቋ... ቋ... እዚህ ዱፍ... ዱፍ... ዱፍ።» በአባቷ እርሳስ እየከበበች ሄደች፤ ክቡ የትልቅ ትሪ ያህል ሆነ። ጋሽ ጆሮ ሻጩን አስፈቅደው መሐሉ ላይ ያለውን ብሎን ፈቱት። ጥቁር ውሃ ጠብ ጠብ አለ፤ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል።

«በእውነት አላወቅሁም» አለ የጥርስ ሐኪሙ። ምናልባትም እውነቱን ነው። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ሹልክ ብሎ ሄደ።

ልጃቸው እፎይ ብላ ልታቅፋቸው ስትል ፊታቸው አመድ መስሏል። የድጋፉ እንጨት ላይ ቁጭ አሉ።

«ምነው አባዬ? ተረፍን እኮ!»

«እኛማ ተረፍን» አሉ። «ባለፈው ወር ጀልባ ሊያስፈትሹ የመጡት ባልና ሚስት አስተማሪዎች... ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ ንጹህ ናት አልኳቸው። እንደዚህችው መትቼ።»

«አሁን የት ናቸው?»

«ውሃ ላይ። ኑሯቸውም እዚያው ነው።»

ስልካቸውን አውጥተው ቁጥሩን ፈለጉ፤ ሲያገኙት ለእሷ ሰጧት። «አንቺ ደውዪልኝ። ስልክ ላይማ ጭራሽ አልሰማም።»

«ምን ልበላቸው?»

«አባቴ ጆሮው አይሰማም በያቸው። ዛሬውኑ ከውሃ ያውጧት።»

ደወለች። ጋሽ ጆሮ ስልኩ ተነስቶ እንደሆነ ለማወቅ የልጃቸውን ከንፈር ያዩ ጀመር።